የጥጥ ክፍል

ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ ሴት ስትወልድ አትጮህም ነበር።

ልጆቼ፣ የተአምር ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ ተራ ነበር። ምጥ የጀመራት ሴት ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ከጦሳ ተራራ ስር ወዳለው ማዋለጃ ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ወገቧ ላይ አንድ መርፌ ትወጋለች። ከዚያ ጋደም ብላ ከእህቶቿ ጋር እየተሳሳቀች፣ ሲርባት ሾርባዋን ፉት እያለች ትወልዳለች። አጠገቧ ያለችው ሴት መገላገሏን የምታውቀው የሕፃን ድምፅ ስትሰማ ነው። ልጆች "አማጠች" የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቁት ነበር የሚያድጉት።

በማዋለጃ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቤቱ ጸጥ ሲል አረንጓዴ፣ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ ይበራል። ማዋለጃ ቤቶች የሚወዳደሩት በዚያ ሰሌዳ ነበር። አረንጓዴው የሰነበተለት ቤት ይሸለማል፤ ቀይ ያየ ቤት ፈቃዱ ይመረመራል። ስለዚህ ሐኪሞቹም ዘበኞቹም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ነበር የሚሄዱት። ሰው ለሰው "ደህና ዋልክ" ሲባባል እንኳ በሹክሹክታ ነው። ለለመደው ደስ ይላል።

ትርንጎም ይህንኑ ተስፋ አድርጋ ነው ወደዚያ የሄደችው። ሰኞ ገበያ የጥልፍ ሱቅ አላት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ትውጣለች፣ ከጣላትም ቆይቷል። የነርቭ ሐኪሟ እርግዝናዋ ሲገፋ አስቀምጦ መክሯት ነበር። "አንቺን የሚጥልሽ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ሕመም ነው። ስትወልጂ ቶሎ ማደንዘዣውን ውሰጂ። መርፌውን እንዳትፈሪው፤ ለሌላው ሴት ምቾት ነው፣ ላንቺ ግን መድኃኒትሽ ነው" ብሏታል።

ባሏ ውብሸት አፋር በረሃ የፀሐይ መብራት ማመንጫ ማሳ ላይ ነው የሚሠራው፤ "መንገድ ላይ ነኝ" ብሎ ደውሏል። ስለዚህ ይዛት የሄደችው አማቷ እማማ ሶልያና ናት። ሶልያና ስላችሁ ኮረዳ እንዳይታያችሁ። በዚያ ዘመን ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ማክዳ የሚባሉት ጉልበታቸውን ይዘው የሚነሱ ባልቴቶች ነበሩ። ወጣቶቹ ናቸው ትርንጎና ጥሩወርቅ የሚባሉት።

ምጡ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞክራት አድሮ ትርንጎ ዓይኗን አልከደነችም። ጠዋት ማዋለጃ ቤቱ ሲደርሱ ሲስተር ጥሩወርቅ የምትባል ነርስ ፈገግ ብላ ተቀበለቻት፤ የእጇ አንጓ ላይ አንዲት ትንሽ መስታወት ብጤ አስቀመጠችባት። መስታወቷ ስሟን አወቀች፣ ዕድሜዋን አወቀች፣ ከዚያ ቀለሟ ተለወጠ። የሲስተሯ ፈገግታም አብሮ ተለወጠ።

"ትርንጎዬ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በይልኝ።"

"ምነው?"

"ሲስተሙ ግራጫ አለሽ።"

"ግራጫ ምን ማለት ነው?"

ሲስተሯ ሐኪም ልትጠራ ሄደች። እማማ ሶልያና ከኋላዋ አጉረመረመች። "እኛ በወጣትነታችን ባንክ ስንሄድ ሲስተም የለም፣ ቀበሌ ስንሄድ ሲስተም የለም ይሉን ነበር። እንዳልተማረርንበት! ምነው ዛሬ በጠፋና ባረፍን።"

ሐኪሙ ዶክተር ኢዮስያስ ይባላል፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። ማደንዘዣ የሚወጋው እሱ ነው። በካልሲው እየተንሸራተተ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ትርንጎ፣ ማደንዘዣው ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁም ሳጥኑን የሚከፍተው ሲስተሙ ነው። ላንቺ አልከፍትም ብሏል።"

"ለምን?"

"የነርቭ ሕመም ያለባቸውን እናቶች በተመለከተ በቂ መረጃ የለኝም ነው የሚለው።"

"ለምን የለውም?"

"ጥናቱ ሲጠና እነሱን አላስገቧቸውም። ያሰጋል ተብሎ።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

"ከዚያ ወዲህ ደግሞ መረጃ ስለሌለ አልተሰጣቸውም።"

"ስላልተሰጣቸው መረጃ የለም።"

"አዎ።"

"ዶክተር፣ ይህን ሲናገሩት ለራስዎ ጆሮ ይሰማል?"

ዶክተሩ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ሊዋሽ አልፈለገም፤ ያም ቢሆን ቁም ሳጥኑን አልከፈተው። እማማ ሶልያና ክርኑን ያዘች።

"የኔ ልጅ፣ ሲስተሙን ተወውና አንተ ራስህ ምን ትላለህ? ብትወጋት ይጎዳታል?"

"እኔማ ብወጋት እመርጣለሁ እማማ። አለመወጋቷ ነው የሚያሰጋት።"

"ታዲያ ውጋታ!"

"ቁም ሳጥኑ አይከፈትልኝም።"

"በመዶሻ በለዋ! መዶሻ የለህም? ከኛ ሰፈር ላስመጣልህ?"

"ከተሰበረ መድኃኒቱን ራሱ ይደፋዋል" አለ ዶክተሩ። ይህን ሲል እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገረው። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ።

ትርንጎን ይዘዋት ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄዱ። እዚያ በሮቹ እንደ ፍራሽ የወፈሩ ክፍሎች አሉ። በሩ ላይ በሚያምር ጽሑፍ "የነፃ ድምፅ ክፍል" ተብሎ ተጽፏል። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን "ጥጥ ክፍል" ነው የሚሉት። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ጥጥ ተጠቅጥቆበታልና።

"እዚህ እንደልብሽ መጮህ ትችያለሽ። ለምቾትሽ ነው" አለች ሲስተር ጥሩወርቅ፤ እንዲህ እንድትል የተማረችው ነው።

"ለማን ምቾት?" አለች ትርንጎ።

አስታማሚ መግባት አይፈቀድም ተባለ፤ እማማ ሶልያና ደጅ ቀረች። በሩ ሲዘጋ የውጪው ዓለም ድምፅ እንደ ሻማ እፍ ተብሎ ጠፋ። በሩ ላይ የሰው ፊት የምታህል መስታወት አለች። ከመስታወቷ ወዲያ የአማቷ ፊት፣ ከመስታወቷ ወዲህ ትርንጎ።

ልጆቼ፣ ስለ ምጥ ብዙ አልነግራችሁም። እናቶቻችሁን ጠይቁ። ትርንጎ ግን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። እናቷ በመርፌ ነው የወለደቻት፤ እማማ ሶልያናም ውብሸትን በመርፌ ነው የወለደችው። ሕመሙ ሲመጣ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ ምን እንደሚጨበጥ፣ ሲያልፍ እንዴት እንደሚታረፍ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልቀረም። ስትጮህ ድምፁ ከአፏ ወጥቶ እግሯ ስር የሚወድቅ ይመስላታል፤ ግድግዳው አይመልሰውም። ሰው የራሱን ጩኸት ካልሰማ የጮኸ አይመስለውም። ደጋግማ ጮኸች።

በየመሀሉ ከጣሪያው ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ይመጣል። "ደህና ነሽ ትርንጎ። የልጅሽ ልብ ትርታ ጥሩ ነው። በርቺ።"

"መርፌውን ስጪኝ!"

"ደህና ነሽ ትርንጎ።"

"ደህና አይደለሁም!"

"በርቺ።"

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እግሮቿ ከዷት። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ፣ ሕመሙ በላይ በላዩ ነው። ከዚያ የምታውቀው ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ላስቲክ። ላስቲክ የሚያቃጥል ሰው የለም። በልጅነቷም ከመውደቋ በፊት ይሸታት ነበር። የግራ አውራ ጣቷ በራሱ ይዘል ጀመር። ግድግዳውን ይዛ ወደ በሩ ሄደችና የሚዘለውን ጣቷን መስታወቷ ላይ አስጠግታ ለአማቷ አሳየቻት። እማማ ሶልያና አውቃለች፤ አንድ ጓዳ ውስጥ አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዓይኗ ሲፈጥ ትርንጎ አየች። ከዚያ በኋላ ያየችው የለም።

ስትነቃ ወለሉ ላይ ናት። አፏ ደም ደም ይላል፤ ምላሷን ነክሳለች። ዶክተር ኢዮስያስና ሲስተር ጥሩወርቅ ጎኗ ተንበርክከዋል። አንድ ግዙፍ ነገር እንዳለፈ የሰውነቷ ዝለት ነገራት። መጀመሪያ ሆዷን ዳበሰች።

"አለ" አለ ዶክተሩ። "የልቡ ትርታ ቀንሶ ነበር፣ ተመልሷል።"

ትርንጎ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የበራ ጽሑፍ አየች። ፊደሎቹ እስኪጠሩላት ጥቂት ጠበቀች። "የሚጥል ሕመም ተከስቷል። ማደንዘዣ አለመፈቀዱ ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል።

አንዴ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እንቅልፍ ነስተው፣ በሕመም ቀጥቅጠው፣ በጥጥ ጠቅልለው እስክትወድቅ ጠበቋት፤ ከዚያ መውደቋን ምስክር አድርገው ቆጠሩባት። መረጃ የለም ሲሉ ነበር። ይኸው መረጃ አገኙ። ቀጥሎ የምትመጣዋን ደግሞ በእሷ ስም ይከለክሏታል። ደረቷ ውስጥ የነደደው ነገር ከምጡ በለጠ።

"ደግሞ ቢጥለኝስ?" አለች።

ዶክተሩ የሕፃኑን የልብ ትርታ መልሶ አዳመጠ።

"ዶክተር፣ ደግሞ ቢጥለኝ ልጄስ?"

"አየር ያጥረዋል" አለ በሹክሹክታ። "ሁለተኛውን ላይችለው ይችላል።"

"እንዳይጥለኝ ምን ያስፈልጋል?"

"ሕመሙ መብረድ አለበት። ማረፍ አለብሽ።"

"በምን ይበርዳል?"

ዶክተሩ ሊነሳ ሞከረ። ትርንጎ የጋውኑን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችና ወደ ራሷ ጎተተችው።

"እርስዎ ሐኪም ነዎት ወይስ የቁም ሳጥኑ ዘበኛ?"

ሲስተር ጥሩወርቅ ፊቷን አዞረች። ዶክተሩ እጁን አልነጠቀም፤ ቢነጥቅ ይሻላት ነበር። ሊወጡ በሩ ሲከፈት እማማ ሶልያና አንገቷን በክፍተቱ አስገባች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል።

"ትርንጎዬ! ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?"

ትርንጎ ውሃ ልትላት ነበር። ውብሸትን ጥሩልኝ ልትላትም ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እኔ ስጮህ አይሰማም እማማ። እርስዎ ይጩኹልኝ።"

በሩ ተዘጋ።

በመስታወቷ በኩል አማቷ ቆማ ስታስብ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አወራች፣ እጇን እያወናጨፈች አወራች፣ ከዚያ ፊቷ ከመስታወቷ ጠፋ። ትርንጎ አልፈረደችባትም፤ አርጅታለች፣ መቆም አቅቷት ይሆናል ብላ ተወችው። ሕመሙ መጣ፣ ሄደ። መጣ። "ደህና ነሽ ትርንጎ" አለ ጣሪያው።

አንድ ጊዜ ሕመሙ ሲለቃት ቀና ብላ መስታወቷ በሰው ፊት ተሞልታ አየች። እማማ ሶልያና ተመልሳለች። ከጎኗ እትዬ ኤልዳና፣ የታችኛው ቤት ጎረቤታቸው፣ ከውፍረቷ የተነሳ ደረጃ የማትወጣዋ። ከኋላ እትዬ ሂባ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ። ከእነሱም ኋላ የሰፈራቸው የቧንቧ ውሃ ሴቶች በሙሉ። ኮሪደሩን ሞልተውታል። ጫማቸውን አላወለቁም።

አፋቸው ተከፍቷል። መጀመሪያ የሚስቁ መስሏት ተናደደች። ከዚያ ግን የሁሉም አፍ አንድ ላይ ሲገጥም፣ አንድ ላይ ሲከፈት፣ አንድ ላይ መልሶ ሲገጥም አስተዋለች። የአንገታቸው ሥር ተገታትሯል። የእማማ ሶልያና ዓይን ተጨፍኗል። ትርንጎ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ነገር ከከንፈራቸው አነበበችው። ማርያም። ማርያም። ማርያም። ድሮ፣ መርፌው ሳይመጣ፣ የሰፈር ሴት ከምጥ ቤቱ ደጅ ተሰብስባ እንዲህ እያለች ትጣራ ነበር፤ የምታምጠው ብቻዋን እንዳልሆነች እንድታውቅ። እማማ ሶልያና ከአያቷ ሰምታ ያስቀመጠችው ነው። የእትዬ ሂባ ከንፈር ብቻ ሌላ ይላል፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ያ ረቢ" ትላለች፤ እሷም በሙሉ ጉሮሮዋ ነው።

አንድም ድምፅ ትርንጎ ጋ አልደረሰም። አፎቹን ብቻ እያየች አለቀሰች።

አንድ ዘበኛ በካልሲው እየሮጠ መጣና እጁን ዘርግቶ መሀላቸው ገባ። እትዬ ኤልዳና ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች፤ እንኳን ዘበኛ ባሏም ብድግ አድርጓት አያውቅም። ሌላዋ ጎኗ ተቀመጠች። ዘበኛው ግራ ገብቶት ቆመ። ከአዳራሹ በኩል ቀይ ብርሃን እየተንሸራተተ መጥቶ የሴቶቹን ፊት አቀላው። ከወዲያ በኩል ካሉት ክፍሎች በመርፌ የሚወልዱት ሴቶች ቤተሰቦች ሾርባቸውን እንደያዙ ብቅ ብቅ አሉ። ኋላ እንደተወራው፣ ማን ነው የሚሞተው እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

በዚህ መሀል ዶክተር ኢዮስያስ ሴቶቹን እየገፋ መጣ። በሩ ተከፈተ። ያ ሁሉ ድምፅ እንደ ሙቅ ውሃ ትርንጎ ፊት ላይ ተደፋ፤ "ማርያም! ማርያም! ያ ረቢ! አይዞሽ ትርንጎ!" እማማ ሶልያና በሩ መልሶ እንዳይዘጋ መግቢያው ላይ ተቀመጠች።

"ተከፈተ!" አለ ዶክተሩ። በእጁ የመርፌውን ዕቃ ይዟል። "ቁም ሳጥኑ ተከፈተ።"

"ምን ብሎ ተከፈተ?" አለች ትርንጎ በተነከሰ ምላሷ።

"እሱን ተይው አሁን፣ ጀርባሽን..."

"ምን ብሎ?"

የመለሰችላት ሲስተር ጥሩወርቅ ናት። "ጸጥታን ለመመለስ፣ ነው ያለው። የሁከቱ ምንጭ ይህ ክፍል ነው፣ ማደንዘዣ ይሰጥ፣ አለ።"

"ነርቬስ? መረጃውስ?"

"ስለሱ ምንም አላለም።"

አያችሁ ልጆቼ። ያ ሁሉ ስጋት፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ ጥናት አንድ ቀይ መብራት እስኪበራ ነበር። ለወደቀችው ታዝኖላት አይደለም የተከፈተው፤ የልጇ ልብ ትርታ ሲቀንስም አልተከፈተም። የጎረቤት ክፍል ሲረበሽ ተከፈተ። ትርንጎ ይህን አውቃለች። ልጇ እንዲተርፍ መርፌው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ብላ ጀርባዋን ሰጠች።

"እንደ ድመት ጉብ በይ" አለ ዶክተሩ። "ምጡ ሲያልፍ ንገሪኝ። ከዚያ እንዳትነቃነቂ።"

"አለፈ።"

ቀዝቃዛ ነገር ወገቧ ላይ ተሰማት። ከዚያ ጭኗ ሞቀ፣ ከዚያ ከበዳት፣ ከዚያ ሕመሙ ከሩቅ እንደሚሰማ የመኪና ድምፅ እየራቀ ሄደ። አውራ ጣቷ ጸጥ አለ። የላስቲኩ ሽታ አልመጣም። ራሷን ሲስተሯ ጭን ላይ አድርጋ ትንሽ አሸለበች፤ ይህ ነበር ከጠዋት ጀምሮ የሚያስፈልጋት። ጀንበር ሳትጠልቅ ገፍታ ወለደች። ሴት ናት፤ ቀይ፣ ቁጡ፣ እጇን ጨብጣ የወጣች። ጎረቤቶቹ ለሴት ልጅ የሚገባውን እልልታ ቁጥሩን ረስተው እስኪደክማቸው እልል አሉ።

እልልታው ሲበርድ የማዋለጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ካልሲው ሱፍ ነው፣ ሽቶው ከፊቱ ይቀድመዋል።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። እንኳን ደስ ያላችሁ እናቶቼ። ይኸው ሁሉም በሰላም ተጠናቀቀ። እንግዲህ ሰሌዳችን ወደ አረንጓዴ እንዲመለስ ብትተባበሩን፣ በዚህ በኩል..."

ሴቶቹ ድምፃቸው ዘግቷል፣ ጉልበታቸው አልቋል፣ የመጡበትም ጉዳይ አልቋል። እትዬ ኤልዳናን ለሁለት ደግፈው አነሷት። ወደ ደረጃው መውረድ ጀመሩ። ሰሌዳው ቢጫ ሆነ። የእማማ ሶልያናም ዓይን ሕፃኗ ላይ ነው።

የሴቶቹ ትከሻ ከበሩ ገለል ሲልላት ትርንጎ ከአልጋዋ ሆና ፊት ለፊቷ ያለውን በር አየች። ከኮሪደሩ ወዲያ፣ የእሷን የመሰለ ወፍራም በር ነው። መስታወቱ ላይ የሰው ፊት አለ። አንዲት ልጅ እግር ሴት ናት፤ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች። አፏ በሰፊው ተከፍቷል። ምንም ድምፅ የለም።

"ማናት?" አለች ትርንጎ።

ሲስተር ጥሩወርቅ ዓይኗን አበሰች። "ከወረባቦ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። አንድ ጎኗን ነርቭ ይዟታል። ሰው አብሯት አልመጣም።"

"መቼ ነው የገባችው?"

"ካንቺ በፊት።"

"የእሷን ጉዳይ ሲስተሙ በቅርበት እየተከታተለው ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ አረንጓዴውን አይቶ እፎይ አለ።

ትርንጎ ሕፃኗን ለአማቷ አቀበለች። ከወገቧ በታች ሰውነቷ የእሷ አይደለም፤ ብትነሳ ትወድቃለች። ምንም አያማትም፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ጊዜ ደህና ሆና አታውቅም። የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል፣ ጥጡ ሳይውጠው በተከፈተው በር ጮኸች። ሕፃኗ ደንግጣ አብራት ጮኸች።

ደረጃው ላይ የደረሱት ሴቶች ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ተመለሱ።